ደሙ ያልቆመበት ሌሊት፦ አንድ የተነቀለ ጥርስ፣ ዋርፋሪንና ትራኔክሳሚክ አሲድ

መነሻ

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስህተት ነው። ሰው አልሞተበትም። ግን 50 ደቂቃ ያህል አባክኗል። ያባከነውም ስለ አንድ መድኃኒት የነበረኝ ግማሽ እውቀት ነው።

መድኃኒቱ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። እኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ "ደም ማቆሚያው" ብለን ነው የምንጠራው። ይሄ ስም ነው ጉድ የሠራኝ። ታካሚዋ ማንነታቸው ሳይገለጽ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል። ስለዚህ ስምና ቦታ የለውም፤ የሆነው ነገር ግን እንዳለ ነው።

ታካሚዋና የኋላ ታሪካቸው

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ እናት ናቸው። በሩማቲክ የልብ ሕመም የተበላሸ የልብ በራቸው ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሜካኒካል ቫልቭ ገብቶላቸዋል። ማይትራል በሚባለው በር ቦታ ነው የገባው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ ዕድሜ ልክ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ለእሳቸው የተቀመጠው ዒላማ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ሲወርድ ቫልቩ ያሰጋል፣ ሲወጣ ደግሞ ደም መፍሰሱ።

ወደ እኛ ከመምጣታቸው አምስት ቀን በፊት የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው አብጦ ሕክምና ሄዱ። አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ታዘዙላቸው። እብጠቱ ቀለል ሲል ጥርሱ እንዲነቀል ተወሰነ። የጥርስ ሐኪሙ ግዴለሽ አልነበረም። ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ጠይቆ አወቀ፣ የክትትል ካርዳቸውን አየ። ካርዱ ላይ 2.9 ተጽፏል። ከ4 በታች ከሆነ ዋርፋሪን ሳይቋረጥ ጥርስ መንቀል ይቻላል የሚለው በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ ስለሆነ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነቀለው።

ችግሩ 2.9 የሚለው ቁጥር የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። ሜትሮኒዳዞሉ ገና ሳይጀመር የተለካ ነው።

ሜትሮኒዳዞል ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን መንገድ ያፍናል። የሚወስዱት ዋርፋሪን ያው ነው፣ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ግን ይጨምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ አይኤንአር ሽቅብ ይወጣል። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ፈተናም ላይ መልሰነዋል። የሚረሳው ካርድ ላይ ያማረ ቁጥር ሲታይ ነው።

ከነቀላው እስከ እኩለ ሌሊት

ማደንዘዣው ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ነበር። አድሬናሊን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ስለዚህ ጥርሱ ሲነቀል ጉድጓዱ ደረቅ ይመስላል። ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ተነከሰበት፣ 20 ደቂቃ ተጠበቀ፣ ደም የለም። ስፌት አላስፈለገም ተባለና ወደ ቤት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አድሬናሊኑም ማደንዘዣውም አለቀ። ሕመሙ መጣ። ልጃቸው ቤት የነበረ ዲክሎፌናክ ሰጠቻቸው። ይሄም ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌት የሚባሉ የደም ሴሎች ስለሚያዳክም የደም መፍሰስን ያግዛል። አፋቸው እንዳይበላሽ ብለው በጨው ውኃ ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ምሽት 1 ሰዓት አካባቢ ምራቃቸው መቅላት ጀመረ። ተፉ፣ ተጉመጠመጡ፣ እንደገና ተፉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ እኛ ጋ ደረሱ።

ልጅቷ በእጇ የያዘችው ፎጣ ነጭ እንደነበር ከጠርዙ ብቻ ነው የሚታወቀው። ትንሽ ደም ከብዙ ምራቅ ጋር ሲቀላቀል ሰው ያስደነግጣል፤ ግማሹ ምራቅ ነው። የደም ግፊታቸው 132 በ78፣ የልብ ምታቸው 96፣ ሄሞግሎቢናቸው 11.2 ነበር። ማለትም ብዙ ደም ሲፈስ የደም ግፊት ወርዶ የሚመጣው ሾክ ውስጥ አይደሉም። ግን አምስት ሰዓት ሙሉ እየደሙ ነው፣ አላቆመም።

"ልጄ፣ ጥርስ እንዲህ ያደማል?" አሉኝ። አፋቸውን ሲከፍቱ የጥርሱን ቦታ የሸፈነ፣ ጥቁር ቀይ፣ ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ታየኝ። ከጉድጓዱ አልፎ ምላስ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ደም ይመነጫል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ያልሠራው

ወዲያው ያሰብኩት ትራኔክሳሚክ አሲዱን ነው። 500 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር የያዘ አንድ አምፑል ሰበርኩ፣ ጎዝ ላይ አፈሰስኩና በዚያ ጉበት በመሰለው ደም ላይ አስቀምጬ "ይንከሱት እናቴ፣ አሁን ይቆማል" አልኳቸው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንሥቼ አየሁ። አልቆመም። ሌላ አምፑል፣ ሌላ ጎዝ። እንደገና አምስት ደቂቃ። ልጅቷም ከጎን "ቆመ? ቆመ?" ትላለች፤ እኔም በየጊዜው አነሣለሁ። ጎዙ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ የጀመረው ትንሽ እርጋታ አብሮት ይነሣል። ይህን ሳላስተውል 50 ደቂቃ ሄደ።

አብራኝ የነበረችው ነርስ ለብዙ ዓመት ማዋለጃ ክፍል የሠራች ናት። አንድ ግራም በደም ሥር ለመስጠት አዘጋጅታ መጣች። "ዶክተር፣ ሦስት ሰዓት ሳያልፍ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው የምንሰጠው፤ እዚህ ግን ሰዓቱ እጃችን ላይ አልፏል" አለች።

ልክ ናት፤ ለወላድ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናት 20,060 ከወሊድ በኋላ የሚደሙ እናቶችን አካትቶ ነበር። መድኃኒቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት ከ1.7 ወደ 1.2 በመቶ አውርዷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አንድ ግራም፣ በ10 ደቂቃ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚለውን መመሪያ አወጣ። ከዚያ በፊት፣ በ2010፣ 20,211 የአደጋ ተጎጂዎች ላይ የተሠራው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተሰጣቸው የአደጋ ተጎጂዎች ላይ ግን በደም መፍሰስ መሞት ጨምሮ ተገኘ። እዚያ ሰዓቱ ቀልድ አይደለም።

የኛ ታካሚ ግን ሌላ ናቸው። የሚደማው አንዲት ጣት የምትገባበት ጉድጓድ ነው፣ እጃችን ይደርስበታል። ልባቸው ውስጥ ደግሞ ደም ሊረጋበት የሚችል ቫልቭ አለ። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ሁሉም ቦታ ይደርሳል፤ ድድ ጋም ቫልቭ ጋም። ነፍስ የሚያሰጋ ደም ቢሆን ኖሮ አላመነታም ነበር። እዚህ ግን ሳይቸግር አደጋ መግዛት መሰለኝ። "ቆይ ሲስተር፣ መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም እናማክር" አልኳት።

ተረኛው የጥርስ ሐኪም ስልክ ሲያነሣ ከእንቅልፉ እንደሆነ ያስታውቃል። ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ሶኬቱን፣ የጥርሱን ጉድጓድ፣ አይተኸዋል?"

"ደም ሞልቶት አይታይም።"

"እሱን ነው የምልህ። መድኃኒቱን የምታፈሰው ምኑ ላይ ነው ታዲያ?"

መድኃኒቱ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

መልስ አልነበረኝም። እሱ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ደም ሲረጋ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሠራል። ክሩ እንደ መረብ የደም ሴሎችን ይዞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሰውነት ደግሞ ይህን መረብ ጊዜው ሲደርስ የሚበጣጥስበት መንገድ አለው። ፕላዝሚኖጅን የሚባል ፕሮቲን ክሩ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያው ወደ ፕላዝሚን ይቀየራል፣ ፕላዝሚን ክሩን ይቆራርጣል። ፕላዝሚኖጅን ክሩን የሚጨብጠው ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ባለበት ቦታ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ ላይሲንን ይመስላል። ቀድሞ ሄዶ የፕላዝሚኖጅንን እጅ ይሞላዋል። እጁ የተሞላ ደግሞ ሌላ ነገር አይጨብጥም። መረቡ ሳይቆረጥ ይቆያል።

እዚህ ውስጥ መድኃኒቱ አንድም ክር አልሠራም። የሚያደርገው የተሠራውን መጠበቅ ነው። ዘበኛ ነው እንጂ ግንበኛ አይደለም። እኔ ደግሞ ገና ያልተሠራ ቤት ላይ ዘበኛ ቀጥሬ "ለምን አይቆምም?" እያልኩ ነበር። ያ ጉበት የመሰለው ነገር ረግቷል ቢባልም የደሙን ምንጭ አልያዘም። ከላይ የተንጠለጠለ ነው። መድኃኒቱ እሱን እያራሰ ይቀራል፣ ከሥር ያለው አጥንትና ድድ ጋ አይደርስም።

በሌላ በኩል አፍ ለዚህ መድኃኒት የተመቸ ቦታ ነው። ምራቅና የአፍ ሽፋን ፕላዝሚኖጅንን የሚቀሰቅሱ ነገሮች አሏቸው። ስለዚህ አፍ ውስጥ የረጋ ደም ቶሎ ይሟሟል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ክሩን የሚሠራው በዝግታ ነው፤ አፉ ደግሞ ፈጥኖ ያፈርስበታል። ማፍረሱን ብናቆመው ዝግተኛው ግንባታ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አነስተኛ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። የደም ማቅጠኛ ከሚወስዱ 39 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከአፍ ቀዶ ሕክምና በኋላ በዚህ መድኃኒት ተጉመጠመጡ። ከእነሱ የደማው አንድ ሰው ብቻ ነው። መድኃኒት የሌለበት ውኃ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች 8ቱ ደምተዋል።

በነገራችን ላይ መድኃኒቱን ያገኙት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ ናቸው፤ ግኝታቸውን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ኡታኮ ከወሊድ በኋላ ለሚደሙ እናቶች እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። በሚኖሩበት በኮቤ ከተማ ያሉ ሐኪሞችን አሳምነው ይህን ማስሞከር ግን አልቻሉም። በ2016 አረፉ፤ ያ ትልቁ የወላዶች ጥናት የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የሠራው

የጥርስ ሐኪሙ 40 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ደረሰ። ቦታውን አደነዘዘ። የተንጠለጠለውን የረጋ ደም በጎዝና በመምጠጫ ሙልጭ አድርጎ አወጣው። ይህ ለተመልካች የሚያስፈራ ነው፤ ረጋ ያልነው ደም ሲወጣ ይብስ ይፈሳል። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ጉድጓዱን በኖርማል ሳላይን (በንጹሕ የጨው ውኃ) አጠበና መብራቱን አስጠጋ። አሁን ታየ። ደሙ ከድዱ ጠርዝ ነው፤ በምላስ በኩል ያለው ድድ ትንሽ ተተርትሯል። ከጥልቁ አጥንት የሚመጣው ያን ያህል አይደለም።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ። በትራኔክሳሚክ አሲድ የራሰ ትንሽ ጎዝ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ በጣት ተጫነ። ወጣና የድዱ ሁለት ጠርዝ በስፌት ተሳበ፤ ሦስት ስፌት። በላዩ ላይ ተጠቅልሎ የጠነከረ፣ በመድኃኒቱ የራሰ ጎዝ ተደርጎ ነከሱት። ለእኔ ደግሞ ትእዛዝ ተሰጠኝ፦ "30 ደቂቃ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። አንተም።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። 30 ደቂቃ ሲሞላ ጎዙ ቀስ ተብሎ ተነሣ። ጎዙ ሮዝ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠፍጣፋና ጥቁር ቀይ የረጋ ደም አለ፣ አይንቀሳቀስም። ሌላ 30 ደቂቃ ጠበቅን። ያው ነው።

በዚህ መሐል የአይኤንአሩ ውጤት መጣ፦ 4.8።

የልብ ሐኪም በስልክ አማከርን። ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪንን ይሽራል፤ ግን ሜካኒካል ቫልቭ ያለበት ሰው ላይ ከመጠን በላይ ከሰጡት ቫልቩን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ዋርፋሪኑም ለቀናት አልሠራ ሊል ይችላል። ደሙ በቦታው ከተያዘ ቫይታሚን ኬ ይቆይ፣ የሁለት ቀን ዋርፋሪን ይዘለል፣ በሦስተኛው ቀን ይለካ ተባለ። ሜትሮኒዳዞሉ ቆመ። ለሕመም ዲክሎፌናክ ቀርቶ ፓራሲታሞል ሆነ።

ስለ አንድ ሲሪንጅ

ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሳልጽፋት ባልፍ አይዋጥልኝም። ስንጨርስ ትሪው ላይ ምንም ያልተጻፈበት፣ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ የያዘ ሲሪንጅ ተቀምጧል። "ይሄ ምንድን ነው?" አለች ነርሷ። ጎዝ ለማራስ የቀዳሁት ትራኔክሳሚክ አሲድ ነበር። እሷ ባትጠይቅ ሌላ ሰው ሳላይን መስሎት የደም ሥር መስመር ሊያጥብበት ይችል ነበር።

የዚህ መድኃኒት አምፑል ከማደንዘዣ አምፑል ጋር ሲመሳሰል ከዚህ የባሰ ነገር ደርሷል። በስህተት አከርካሪ ውስጥ ተወግቶ ከባድ መንቀጥቀጥና ሞት ያስከተለባቸው ጊዜያት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ለጎዝ የሚሆነውን ሲሪንጅ ውስጥ አልተውም፤ ክፍት ኩባያ ውስጥ አፈሰዋለሁ። ከኩባያ መርፌ የሚወጋ የለም።

የቀጠሉት ቀናት

ለቤት መጉመጥመጫ ተዘጋጀላቸው። አምፑሉ 10 በመቶ ስለሆነ በእኩል መጠን ንጹሕ ውኃ ሲቀጠን 5 በመቶ ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ "ለመጉመጥመጥ ብቻ" ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። በቀን አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 10 ሚሊሊትር ለ2 ደቂቃ። እንዲህ ሲደረግ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ ነው፤ ለቫልቩ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አጠቃቀሙን ሳስረዳቸው ስሙ ራሱ እንዳያሳስት ሠጋሁ። መጉመጥመጥ ሲባል ሰው ጉንጩን ነፍቶ ያናውጣል፣ ከዚያ በኃይል ይተፋል። እዚህ እንደዚያ አይደረግም። ፈሳሹ ቁስሉ ባለበት በኩል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲያበቃ አንገት ደፍቶ ከከንፈር እንዲንጠባጠብ መተው ነው። ለአንድ ሰዓት መብላትም መጠጣትም የለም። እዚያው በውኃ አስደግመን አየናቸው።

በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ ልጅቷ ደወለች። ትራሱ ላይ ደም አለ። ቀለሙን ጠየቅኳት፤ ሮዝ ነው አለች። አፋቸው ውስጥ የተጠራቀመ ደም አለ ወይ አልኳት፤ የለም። የራሰ ጎዝ ለ30 ደቂቃ እንዲነክሱና በመሐል እንዳታነሣው ነገርኳት። "አንዴም አላየውም" አለች። ቆመ። በሦስተኛው ቀን አይኤንአር 3.1 ሆነ፣ ዋርፋሪኑ በቀድሞው መጠን ተጀመረ። ስፌቱ በሳምንቱ ወጣ።

ለሌላ ታካሚ የሚሆነው

አንዳንዱ ነገር ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ይሻገራል።

ከሁሉ በላይ የምለው፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ ከመነሣቱ በፊት ደሙ ከየት እንደሚመጣ መታየት አለበት። መጫን፣ መስፋት፣ ማጽዳት ይቀድማል። መድኃኒቱ እነዚህን አይተካም፣ ያጸናቸዋል። ይህ ለጥርስ ብቻ አይደለም። በወሊድም ማሕፀኑ እንዲጨማደድ የሚደረገው፣ የተቀደደው የሚሰፋው ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ነው።

"የሚደማ ሁሉ ይሰጠው" የሚለውም አይሠራም። በ2020 በወጣ ጥናት 12,009 ከጨጓራና ከአንጀት የሚደሙ ሰዎች ተሞክሮባቸው በሞት ላይ ለውጥ አላመጣም፤ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ የደም መርጋት ግን ጨምሯል። የሦስት ሰዓቱን ሕግም ከወላድና ከአደጋ አንሥቶ እንደወረደ ጥርስ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ለጥርስ ሶኬት የተሠራ ስሌት አይደለም።

ስለ አይኤንአር፦ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ማንበብ። በቁጥሩና በዛሬ መካከል አዲስ መድኃኒት ገብቶ ከሆነ ቁጥሩ አርጅቷል። የጥርስ ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንን 2.9 አምኜ የምነቅል ይመስለኛል። አሁን ግን ዋርፋሪን ያለበት ሰው ሲመጣ "በዚህ ሳምንት የጀመሩት መድኃኒት አለ?" የምትለዋን ጥያቄ ለብቻዋ ነው የምጠይቀው። ከሌሎች ጋር ስትቀላቀል "የለም" ትባላለችና። ሰው ለጥርስ የተሰጠውን ኪኒን ከልብ መድኃኒቱ ጋር አያይዞ አያስብም፤ ማያያዝ የኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥርስ

ከሁለት ወር በኋላ ከጎኑ ያለው ጥርስም መውጣት ነበረበት። እኚህ እናት ግን በጄ አላሉም። ልጃቸው ናት በስንት ልመና ያመጣቻቸው። በዋዜማው አይኤንአር ተለካ፦ 2.7። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አዲስ መድኃኒት አልጀመሩም። ዋርፋሪኑ አልተቋረጠም። ጥርሱ ጠዋት ተነቀለ፤ ደረቅ ቢመስልም ወዲያው ተሰፋ፣ የራሰ ጎዝ ተነከሰ፣ የመጉመጥመጫው ጠርሙስ አብሮ ተሰጠ።

ማታ እኔው ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅቷ ናት።

"እንዴት ናቸው?"

"ጎዙን በ30 ደቂቃው አነሣሁት። ምንም የለም፣ ተኝተዋል" አለችና፣ ትንሽ ቆይታ "ዶክተር፣ አሁንስ አፋቸውን ከፍቼ ልይ እንዴ?" አለችኝ።

"አትንኪው" አልኳት።